መስመር፣ ክብ፣ ሣጥን፦ የጎጃም ሠዓሊ እጅ እንዴት ተገራ

ቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆና አለስልሶ ሲጨርስ ወዲያው ብዕር አያነሣም። መጀመሪያ የገጹን ጠርዝ በወስፌ እየወጋ በእኩል ርቀት ቀዳዳ ያወጣል። ከዚያ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ማስመሪያ አጋድሞ፣ ቀለም ባልነካው ጫፍ ቆዳውን ጫን እያለ መስመር ይስባል። ገጹ ላይ የሚቀረው ስርጉድ ብቻ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም ቅጠሉን ወደ ብርሃን አዘንበል ያደረገ አንባቢ ያን ስርጉድ ያየዋል፤ ፊደላቱ ከእሱ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል።

የጎጃምን የሥዕል ታሪክ የሚተርክ ሰው ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይነሣል። እኔ ከብራናው መነሣት ይሻላል ባይ ነኝ። በደብረ ወርቅ፣ በዲማ ጊዮርጊስ፣ በመርጡለ ማርያምና በጣና ደሴቶች ጽሕፈትና ሥዕል በአንድ ግቢ ያደጉ ሙያዎች ናቸው፤ አንዳንዴም የአንድ ሰው ሁለት ሥራዎች ነበሩ። መስመር ሳይንቀጠቀጥ መሳብ፣ ርቀትን በዓይን መለካት፣ አንዱን ቅርጽ ሳይሰለቹ መደጋገም፣ እነዚህ ሁሉ ቀለም ከመበጥበጡ በፊት የተለመዱ ናቸው። በመጽሐፉ ራስጌ የሚሣለው ሐረግ ደግሞ ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ፈተና ነው። ሁለት ሦስት ጥብጣብ አንዱ ከሌላው በላይና በታች እየሾለከ ይጠላለፋል። አንድ ቦታ ላይ የሾለከው ከተዛባ ስሕተቱ እስከ ዳር ድረስ ይከተላል፤ ሠዓሊውም ተመልሶ መፋቅ አለበት።

(ከዚህ በኋላ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።)

ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ስማቸው ከደረሰን ጥቂት ሠዓልያን አንዱ ፍሬ ጽዮን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ማለትም ከ1434 እስከ 1468 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በጣና መነኮሳት መካከል የሠራ ሲሆን በዳጋ እስጢፋኖስ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ተጽፏል። የልብሱን እጥፋት ያየ ሰው ወዲያው የሚያስተውለው መስመሩን ነው፤ ከትከሻ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ጉልበት ጎን ለጎን እየፈሰሰ ይወርዳል። ጥላ የለም፣ ብርሃን ከወዲህ መጣ የሚያሰኝ ነገር የለም። ሰውነቱን ያቆመው መስመሩ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መስመር በአንድ ቀን ድፍረት የሚገኝ አይደለም፤ በእያንዳንዱ እጥፋት ሥር የብዙ ዓመት ልምምድ አለ።

በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ላይ ከሌላ ዓለም የመጣ እጅ ደረሰ። ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለው የቬኒስ ሰው ኢትዮጵያ ገብቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ኖረ፤ እዚህ መርቆሬዎስ ተባለ። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ አግኝቶታል። ጎጃም ውስጥ በዋፋ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሣላቸውን የግድግዳ ሥዕሎች ዲያና ስፔንሰር የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ስትዘዋወር አግኝታ ለምሁራን አስታወቀች።

ብራንካሊዮን የመጣበት አገር በዚያን ጊዜ በሣጥን ፍቅር የተያዘ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌዮን ባቲስታ አልቤርቲ በ1435 በጻፈው መጽሐፍ ሠዓሊ ወለሉን በአራት ማዕዘን ከፋፍሎ፣ መስመሮቹን ሁሉ ሩቅ ወዳለ አንድ ነጥብ ሰብስቦ፣ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ጥልቀት ያለው ክፍል እንዴት እንደሚያሳይ ስሌቱን አስተማረ። ዛሬ ፐርስፔክቲቭ የምንለው ይህ ነው። ብራንካሊዮን ግን ይህን ስሌት እዚህ አልተከለም። እውነቱን ለመናገር በአገሩ መመዘኛ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ሠዓሊም አልነበረም። ከዓመታት በኋላ የሣላቸውን ስናይ ኢትዮጵያ እሱን ይበልጥ እንደለወጠችው እንረዳለን፤ የኋላው መደብ ጠፍጣፋ፣ ልብሱ በጌጥ የተሞላ፣ ጥልቀቱም ትንሽ ነው።

በዚያው ዘመን እቴጌ እሌኒ በእነብሴ ያሠሩት የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ደግሞ መስመርና ክብ በድንጋይ ላይ ምን ያህል እንደተራቀቁ ያሳያል፤ ከፍርስራሹ የተረፉት ጥርብ ድንጋዮች ዛሬም ጌጣቸውን ይዘዋል። ከዚያ የኢማም አሕመድ ጦርነት መጣ። ስንት ብራና፣ ስንት የተሣለ ግድግዳ በእሳት እንደሄደ ማንም አይቆጥረውም። የእጅ ሙያ ከአስተማሪ ወደ ተማሪ የሚሄድ በመሆኑ ቤተ መጻሕፍት ሲቃጠል ከሚደርሰው ጉዳት ይልቅ አንድ መምህር ሲሞት የሚደርሰው ይከፋል።

ቀጥሎ ያለው ክፍል ለእኔ ከሁሉ የበለጠ አስገራሚው ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን የታተሙ ሥዕሎች ይዘው ገቡ። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂ እዚህ ደረሰና በጥቂት ትውልድ ውስጥ የኢትዮጵያ ሠዓሊ ሁሉ የሚያውቃት መልክ ሆነች፤ እጆቿን አጣምራ፣ መሐረብ ይዛ። በ1591 ገደማ በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ዐረብኛ ወንጌልም ኢትዮጵያ ገባ። በውስጡ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው ከመቶ በላይ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች አሉ። ሥዕሎቹ የተሠሩት በአልቤርቲ ስሌት ባደገ እጅ ነው፤ ወለሉ ወደ ሩቅ ይሄዳል፣ ቅስቶቹ እየጠበቡ ይከተላሉ፣ ሕንፃዎቹ ማዕዘን አላቸው።

የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓልያን እነዚህን ሥዕሎች አንድ በአንድ ገለበጡ። ግን ምን ገለበጡ? የሰዎቹን አቋቋም ወሰዱ፣ የእጅ ምልክቱን ወሰዱ፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቆም ወሰዱ። ወደ ኋላ የሚሸሸውን ወለል፣ የሚጠብበውን ቅስት ግን ትተውት አለፉ። ቦታው በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ መደብ ተሞላ። «የእኛ ሠዓልያን ፐርስፔክቲቭ አያውቁም ነበር» የሚለው አባባል እዚህ ላይ ይወድቃል፤ ሞዴሉ በእጃቸው ነበር፣ ገጽ በገጽ እያዩት ነው የሣሉት። ያልፈለጉትን ነገር አላወቁትም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ለምን አልፈለጉትም? የእኔ ግምት በሕንፃው ላይ ያርፋል። በጎጃምና በጣና ዙሪያ የተስፋፋው ቤተ ክርስቲያን ክብ ነው፤ መሐል ላይ ካስማ ተክሎ በገመድ ዙሪያውን የማስመር ያህል ግልጽ የሆነ ክብ። በክቡ ልብ ውስጥ አራት ማዕዘን መቅደስ ይቆማል። ሠዓሊው የሚሥለው በመቅደሱ አራት ግድግዳዎች ላይ ሲሆን፣ ተመልካቹ የሚቆመው ግን በግድግዳውና በክቡ መካከል ባለው ቅድስት ነው። እዚያ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሥዕሉን በሙሉ የሚያይበት ቦታ የለም። ሰው በዙሪያው ይሄዳል፣ ቀና ይላል፣ ይሳለማል፣ ያልፋል። የአልቤርቲ ሣጥን ደግሞ ተመልካቹ አንድ ቦታ ላይ፣ አንድ ዓይኑን የጨፈነ ያህል ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይጠይቃል። ለሚዞር ሕዝብ የሚሠራ ሠዓሊ አንድ ቋሚ ዓይን ምን ያደርግለታል? ስለዚህ ማዕዱ ወደ ተመልካቹ ዘንበል ብሎ ይሣላል፣ ኅብስቱ ከነሙሉ ክብነቱ ይታያል፤ ጻድቁ ሁለት ዓይን ኖሮት ወደኛ ይመለከታል፣ ክፉው በጎን ይታያል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ሲያሠሩ ሠዓልያኑ ፊትና ልብስ ላይ ጥላ መጣል ጀምረው ነበር፤ ጉንጭ ክብነት አገኘ፣ እጥፋት ጥልቀት አገኘ። ክፍሉ ግን አሁንም ክፍል አልሆነም።

ከዚህ ወደ መንቆረር እንሂድ። ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። በከተማቸው የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፤ መንቆረርም ደብረ ማርቆስ ተባለች። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማለት አዲስ መቅደስ፣ አዲስ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ሲኖር ለሠዓሊ ሥራ፣ ለደቀ መዝሙሩ ትምህርት ይኖራል። መምህሩ በከሰል ንድፉን ያወጣል፣ በጭቃ በተለሰነው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ሸራ ላይ ዋናውን መስመር ይስባል፤ ተማሪው ቀለም ይፈጫል፣ ሰፋፊውን መደብ ይሞላል፣ የልብስ ጌጥ ይደግማል። ፊት ለመሥራት የሚፈቀድለት ዘግይቶ ነው። ሲያስቡት ጨካኝ ሥርዓት ይመስላል፤ ግን እጅ ከመስመር ጋር ሳይተዋወቅ ፊት አይሣልም የሚለው ሐሳብ ዛሬም በየትኛውም የሥዕል ክፍል ያለ ነው።

በዚህ ሥርዓት ካለፉት መካከል አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ ይገኙበታል። ትውልዳቸው ከዓባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ቤተሰብ ነው፤ በልጅነታቸው ወደ ጎጃም መጥተው በዚያው አደጉ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ፣ ሠዓሊም ሆኑ። ይበልጥ የሚታወቁት በጻፉት የጎጃም ታሪክ ነው፤ የታሪክ ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ሲጠቅሱ የጸሐፊው እጅ ብሩሽም ይዞ እንደነበር የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። እኔ ግን ሁለቱን ነጥሎ ማየት ይከብደኛል። የትውልድ ሐረግ ቆጥሮ የጻፈ ሰው የብራና ሐረግም የሚያውቅ ነበር።

በእድሜ ከአለቃ ብዙም የማይርቅ ሌላ የጎጃም ልጅ በዚያው ዘመን ፍጹም የተለየ መንገድ ሄደ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 በዘጌ ተወለደ፤ በ1887 ዳግማዊ ምኒልክ ወደ ኢጣሊያ ላኩትና ቶሪኖ በሚገኘው አካዴሚያ አልበርቲና ሥዕል ተማረ። በዚያ ክፍለ ዘመን የአውሮፓ አካዳሚዎች ትምህርት አሰልቺነቱ የታወቀ ነው፤ ተማሪ መጀመሪያ የታተመ ሥዕል በእርሳስ ይገለብጣል፣ ከዚያ የጀሶ ሐውልት ፊት ተቀምጦ ጥላና ብርሃን ይለካል፣ ጂኦሜትሪና ፐርስፔክቲቭ ይማራል፤ ሕያው ሰው የሚሥለው በመጨረሻ ነው። ደብረ ማርቆስ ቀለም ከሚፈጨው ልጅ ጋር ሲተያይ ትዕግሥቱ አንድ ነው፤ የሚለየው ሣጥኑ ብቻ ነው።

አፈወርቅ ተመልሶ በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠራ። ነገር ግን ከቤተ መንግሥት ጋር፣ በተለይ ከእቴጌ ጣይቱ ጋር አልተስማማም፤ በ1894 ወደ ስዊዘርላንድ ሄደ፣ ከዐድዋ በኋላም ወደ ኢጣሊያ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የብዕርና የፖለቲካ ነው፤ በ1908 ሮም ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ስሙን አስቀረ፣ ከፋሺስቶች ጋር መወገኑ ደግሞ ስሙን አጎደፈ። በ1940 ዓ.ም. መጀመሪያ በግዞት ጅማ ላይ ሞተ። ከቶሪኖ ያመጣውን ትምህርት ለጎጃም ልጆች አላስተማረም። የመጀመሪያው ድልድይ ተሠርቶ ማንም ሳይሻገርበት ቀረ።

በ1928 ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ወደሚገዙት ጎጃም መጣ፤ እስከ ቀጣዩ ዓመትም ቆየ። ከታላላቅ ሥዕሎች ይልቅ ሰው በግድግዳ ላይ የሚጭረውን ንድፍ ቁም ነገር ብሎ የያዘ ምሁር ነበር፤ ከኢትዮጵያ የሰበሰበውን በ1933 በፓሪስ አሳተመ። በከሰል የተጫረ ፈረስ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ ማንም ሥዕል ብሎ የማይጠራው ነገር። ያልሠለጠነ እጅ ምን እንደሚሠራ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም። (ይኸው ሰው በ1932 ከጎንደር አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የቆዩትን ሥዕሎች አንሥቶ በቦታቸው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራውን ቅጂ ተክቶ ኦሪጅናሉን ፓሪስ ወሰደ። ሥዕል መገልበጥ ሁልጊዜ ለትምህርት ብቻ አይውልም።)

ከጠላት ወረራ በኋላ ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ፕሮትራክተር በዘመናዊ ትምህርት ቤት በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ገቡ። የጂኦሜትሪ ክፍለ ጊዜ ለብዙ ልጅ የመጀመሪያው የሥዕል ትምህርት ነበር፤ የመምህሩ ዓላማ ሌላ ቢሆንም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1954 ተመርቀው ተመለሱ፤ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፈቱ። ፍቼ የተወለዱት አለ የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ካሉበት ቤተሰብ የወጡ ናቸው። ስለዚህ በእሳቸው ትምህርት ቤት የእርሳስ ልምምድ፣ የቅርጽና የጥላ ጥናት ከባዶ መሬት ላይ አልተዘራም። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ተማሪ እዚያ ተቀምጦ ሲሊንደር፣ ኳስና ሣጥን ሣለ። አፈወርቅ ብቻውን የሄደበት መንገድ አሁን ወንበርና ሰሌዳ ያለው ክፍል ሆነ።

በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ባሕር ዳር የተከፈተው ፖሊቴክኒክ ሌላ ዓይነት ሣጥን አመጣ። ባሕር ዳር ያኔ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ከብረታ ብረትና ከእንጨት ሥራ ጋር ቴክኒካል ድሮዊንግ የማይቀር ትምህርት ነው። የቴክኒክ ተማሪ የሚሥለው አይሶሜትሪክ ሣጥን ጠርዞቹ ወደ ሩቅ ሲሄዱ አይገናኙም፤ ጎን ለጎን እንደሆኑ ይቀራሉ፣ ምክንያቱም አናጺው ከንድፉ ላይ ልኩን ማንበብ አለበት። ዓይን እንደሚያየው ቢሣል ልኩ ይጠፋል። እንግዲህ የድሮው ሠዓሊ የእመቤታችንን መንበር ጠርዞቹን ሳያጠብብ ሲሥል ከመሐንዲሱ ጋር ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ነገሩ የት ሆኜ ታየኝ ሳይሆን ምን እንደሆነ ማሳየት ይፈልጋሉ።

አሮጌው ሥርዓት ግን አልሞተም ነበር። በቢቸና የተወለዱት ቄስ አዳሙ ተስፋው በቤተ ክርስቲያን ተምረው፣ ሠዓሊ ሆነው፣ አዲስ አበባ ገብተው ለብዙ ዓመታት ሠሩ። ብዙ ሥራቸው ለቱሪስት በሚሸጥባቸው መደብሮች በኩል ዓለምን ዞረ። አሜሪካዊው የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ሬይመንድ ሲልቨርማን ስለ ሕይወታቸውና ስለ ሥራቸው ያዘጋጀው መጽሐፍ በ2005 ታተመ፤ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የዩሲኤልኤ ፋውለር ሙዚየምም ሥዕሎቻቸው ለሕዝብ ቀረቡ። የቄስ አዳሙን ሥዕል ያየ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው የመስመሩ ፍጥነት ነው። ፈረሱ ሲዘል፣ ሰይጣኑ ሲወድቅ፣ ሴቲቱ ዞር ስትል ብሩሹ አልቆመም፤ አልተለጠፈም፣ አልተደገመም። ፍሬ ጽዮን መስመሩን እያሰላሰለ ያፈሰዋል፣ ቄስ አዳሙ ይወረውሩታል። በሁለቱ መካከል አምስት መቶ ዓመት አለ፤ ሁለቱም ለጥልቀት ሣጥን አልተበደሩም።

ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይም ስልክ በየኪሱ ከገባ በኋላ፣ መሠረታዊ ልምምዱ ያለ መምህርም የሚገኝ ሆነ። ወረቀቱ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው፣ እርሳሱ ከሱቅ የተገዛ። ትእዛዙ በመላው ዓለም አንድ ነው፤ አንድ ገጽ ቀጥታ መስመር ከትከሻ እየሳቡ፣ በመጀመሪያው ላይ ደግሞ እየደገሙ፤ አንድ ገጽ ሞላላ ክብ በሁለት መስመር መካከል እየተጨናነቀ፤ ከዚያ ጠርዛቸው ወደ አንድ ነጥብ የሚሰበሰብ ሣጥኖች፣ ብዙ ሣጥኖች።

በዚህ ልምምድ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመሶብ ነው። የመሶብ አፍ ክብ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ሞላላ ይሆናል፣ የታች መቀመጫውም እንዲሁ። ጀማሪ ሁለቱን እኩል ያሞላልላቸዋል፤ ወይም ደግሞ መቀመጫው መሬት ላይ ስለሚያርፍ ብሎ ከታች ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርለታል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከዓይን ደረጃ በታች እየራቀ የሚሄድ ክብ እየተከፈተ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከታች ያለው ከላይኛው ይልቅ ክብ መሆን አለበት። መሶቡ በእውነት የተቀመጠ የሚመስለው ይህ ሲገባ ነው። ጀበና ላይ ደግሞ ሆዱ፣ አንገቱና አፉ ሦስት ሞላላዎች በአንድ ዘንግ ላይ ይሰለፋሉ፤ ዘንጉ ትንሽ ከተጣመመ ጀበናው ሰክሮ ይታያል።

ክርክሩ የሚነሣው ይህን የተማረ ወጣት መቅደስ እንዲሥል ሲጠራ ነው። በየቦታው የሚታነጹት አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው በኮንክሪት የተሠራ፣ ቀለማቸው ከፋብሪካ የመጣ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ከአውሮፓ ፖስተር የተቀዳ የሚመስል ለስላሳ ፊት፣ ደመና ያለው ሰማይ፣ ወደ ሩቅ የሚሄድ መንገድ ይታያል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ይህ ኦርቶዶክሳዊ ሥዕል አይደለም ሲሉ ይቃወማሉ፤ አንዳንድ ምእመን ደግሞ «እውነተኛ ሰው ይመስላል» ብሎ ይደሰትበታል። የእኔ ድምፅ ከሊቃውንቱ ጋር ነው፤ ቀኖናውን ለመተርጐም ብቁ ሆኜ አይደለም፣ ሰው በሚዞርበት ቅድስት ውስጥ አንድ ቋሚ ዓይን የሚጠይቅ መንገድ ለማን እንደተሣለ ስለማይገባኝ ነው። ይሁን እንጂ ሣጥን የተማረውን ልጅ ከግድግዳው ማባረርም ትርፍ የለውም። በቅርብ ከታዩት ሥራዎች ደኅና የሆኑት ሁለቱን አዋህደዋል፤ ፊቱና ዓይኑ በአሮጌው መስመር ይቆማል፣ የመንበሩ ጠርዝ ሳይጠብ ይቀራል፣ የእጅ ጣትና የእግር አረጋገጥ ግን ሰው ሲሥል የኖረ እጅ እንደሠራው ይታወቃል።